ማገዶና መጠለያው

ትምህርት ዘጠኝ

የትምህርቱ ዓላማ፡-
ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲፈጽሙ፣
1. አንድን የእጅ ሥራ በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ጽሑፍ አንብበው ዋና ዋና ሐሳቦቹን ይለያሉ፤
2. "ፈለጠ" ከሚለው ግሥ የሚወጡ ቃላትን በየአገባባቸው ይጠቀማሉ፤
3. በአካባቢያቸው የሚሠራ አንድ ሥራ መርጠው በጽሑፍ ይገልጻሉ።

ሀ. ከንባብ በፊት

1. በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ማገዶ የሚቀመጠው የት ነው? በክረምትስ እንዴት ይጠበቃል?
2. "በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል" የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ሰምታችኋል? መቼ የሚነገር ይመስላችኋል?

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጽሞና አንብቡ።

እንጨት መፍለጥ ለረጅም ዘመን እንደ ዝቅተኛ ሥራ ሲቆጠር ኖሯል። "እንጨት ቆራጭ፣ ውሃ ቀጂ" የተባለ ሰው ከሌላው በታች የተቀመጠ ሰው ነበር። ይሁን እንጂ ሥራውን ቀርቦ የተመለከተ ሁሉ፣ ማገዶን መቁረጥ፣ መፍለጥ፣ መደርደርና ማድረቅ ዕውቀትና ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሙያ መሆኑን ይገነዘባል። ይህ ዕውቀት ሲጎድል የሚጎዳው አንድ ቤት ብቻ አይደለም፤ ደኑም፣ ማገዶውን ተሸክሞ የሚያመጣውም ሰው አብረው ይጎዳሉ።

አዲስ አበባና ናይሮቢ በዕድሜ ብዙም የማይራራቁ ከተሞች ናቸው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ናይሮቢ ደግሞ ከሞምባሳ ወደ ዩጋንዳ ይዘረጋ በነበረው የባቡር ሐዲድ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1899 የሠራተኞች ሰፈርና የዕቃ ማከማቻ ሆና ተመሠረተች። ሁለቱም ከልጅነታቸው ጀምሮ ብዙ ማገዶ የሚፈልጉ ከተሞች ነበሩ። በእንጦጦና በአካባቢው የነበረው ደን ተመንጥሮ ማገዶ በጠፋ ጊዜ፣ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ከመፈታት ካዳኗት ነገሮች አንዱና ዋነኛው ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በናይሮቢ ዙሪያም ባቡሩ በእንጨት ኃይል ይሄድ በነበረበት ዘመን ይኸው ዛፍ ለማገዶ ተተክሏል። እንግዲህ ሁለቱ ከተሞች በአንድ ዓይነት እንጨት የሞቁ ናቸው ማለት ይቻላል።

ሩንዳ ከናይሮቢ መኻል ከተማ በስተሰሜን፣ ከካሩራ ደን ማዶ የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ቀድሞ የቡና እርሻ በነበረው በዚህ መሬት ላይ ዛሬ ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ቤቶች ቆመውበታል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጽሕፈት ቤት ካለበት ከጊጊሪ ብዙም ስለማይርቅ፣ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ሰዎች ይኖሩበታል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል በመሆኑ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሰማዩ በደመና ይሸፈናል፤ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ብዙ ቤቶች በሳሎናቸው ግድግዳ ውስጥ የተሠራ፣ ጭስ ማውጫ ያለው የእሳት ማንደጃ አላቸው። በየግቢው የሚበቅሉት ግራቪሊያ፣ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ሲከረከሙ ወይም ነፋስ ሲጥላቸው ማገዶ ይሆናሉ።

አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ በዚህ ሰፈር ይኖራል እንበል። በግቢው ዳር የቆመ አንድ ባሕር ዛፍ በታኅሣሥ ወር ይወድቃል። ግንዱ በመጋዝ ተቆራርጦ በአጥሩ ሥር ይከመራል። በሰኔ መጨረሻ ብርዱ ሲበረታ አባወራው ከክምሩ ጥቂት ጉማጅ አንሥቶ ማንደጃው ውስጥ ያስገባል። እንጨቱ ግን አይነድም፤ ሲንጫጫ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ አረፋ ሲደፍቅ፣ ቤቱንም በጭስ ሲሞላ ያመሻል። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡት አሮጊት እናቱ ሁለት ጉማጆች አንሥተው እርስ በርስ ያጋጩና ድምፁን ያዳምጣሉ።

"ልጄ፣ ይህ እንጨት ገና ውሃ ነው፤ ድምፁ አልጠራም" ይላሉ።

"እማዬ፣ ስድስት ወር ሙሉ ደጅ ተቀምጦ የለም እንዴ?"

"ተቀመጠ እንጂ መች ደረቀ? ሳይፈለጥ፣ ዝናብ እየወረደበት፣ መሬት ላይ ተኝቶ እንዴት ይድረቅ?"

አሮጊቷ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሦስት ጥፋቶችን ጠቅሰዋል። የማገዶ ሙያም እነዚህን ሦስቱን በማረም ላይ የተመሠረተ ነው፤ እንጨቱ መፈለጥ፣ ከዝናብ መከለልና ከመሬት ከፍ ማለት አለበት።

አዲስ የተቆረጠ እንጨት እስከ ክብደቱ ግማሽ ድረስ ውሃ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ 10 ኪሎ እርጥብ እንጨት 5 ኪሎ ውሃና 5 ኪሎ ደረቅ አካል አለው ማለት ነው። ለማገዶ የሚሆን እንጨት ግን በውስጡ ያለው ውሃ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመረጣል። ያ 10 ኪሎ እንጨት ወደዚህ ደረጃ ሲደርስ የሚመዝነው 6 ኪሎ ከ250 ግራም ነው፤ የቀረውን 3 ኪሎ ከ750 ግራም ውሃ ነፋስና ፀሐይ ወስደውታል። ውሃው ሳይወጣ እንጨቱ ወደ እሳት ቢገባ፣ አራት ሊትር የሚጠጋውን ውሃ አፍልቶ የማትነኑ ሥራ በእሳቱ ላይ ይወድቃል። ቤት ሊያሞቅ ወይም ወጥ ሊያበስል የሚገባው ሙቀት ከእንፋሎቱ ጋር ይባክናል። ከዚህም በላይ እሳቱ ስለሚቀዘቅዝ ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ በሙሉ አይነድም፤ ጭስና ጥላሸት ይሆናል። ጥላሸቱም በጭስ ማውጫው ውስጥ እየተጋገረ ሄዶ አንድ ቀን ራሱ በእሳት ሊያያዝ ይችላል።

የመጀመሪያው ሥራ መፍለጥ ነው። ውሃ ከእንጨት የሚወጣው በተቆረጡት ጫፎችና በተፈለጠው ገጽ በኩል ሲሆን፣ ቅርፊቱ ግን እንደ ካፖርት ሸፍኖ ይይዘዋል። ስለዚህ ያልተፈለጠ ጉማጅ ለወራት ተቀምጦም ውስጡ እርጥብ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ከደረቀ በኋላ ይጠነክራል። በመሆኑም ዛፉ በወደቀ ሰሞን መፍለጡ ይመረጣል። በቅድሚያ ግንዱ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባላቸው ጉማጆች በመጋዝ ይቆረጣል። ከዚያም ቁመቱ ከጉልበት ዝቅ ያለ ወፍራም ጉቶ በጠንካራ መሬት ላይ ይቀመጣል። ጉማጁ በዚህ ጉቶ ላይ ሲቆም ለፈላጩ ተስማሚ ከፍታ ያገኛል፤ የመጥረቢያውም ስለት ከድንጋይና ከአፈር ይድናል።

ፈላጩ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት መጥረቢያውን ይመረምራል። ዛቢያው የላላ እንደ ሆነ ብረቱ ወልቆ ሰው ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድሞ ይጠበቃል። የደነዘ ስለት በሞረድ ይሳላል። ጠንካራ ጫማ ማድረግ ግድ ነው፤ ሕፃናትም ከአጠገቡ እንዲርቁ ይደረጋል። ፈላጩ እግሮቹን በትከሻው ስፋት ልክ ከፍቶ ይቆማል። አንድ እጁ የዛቢያውን ጫፍ አጥብቆ ይይዛል፤ ሌላው ከብረቱ አጠገብ ይነሣና መጥረቢያው ሲወርድ በዛቢያው ላይ ወደ ታችኛው እጅ ይንሸራተታል። እንጨቱን የሚፈልጠው የመጥረቢያው ክብደትና ፍጥነት ስለሆነ በጡንቻ ብቻ መታገል አያስፈልግም። ዓይን የሚያነጣጥረው በጉማጁ አናት ላይ ባለው ስንጥቅ ላይ ነው። ስንጥቅ ከሌለና ጉማጁ ወፍራም ከሆነ ከዳር ይጀመራል፤ ዳር ዳሩ ሲላጥ መኻሉ በመጨረሻ ይሸነፋል። አንጓ ባለበት በኩል መምታት ግን ድካም ብቻ ነው። መጥረቢያ ያቃተው ጉማጅ የብረት ሽብልቅ ተሰክቶበት በከባድ መዶሻ ይመታል። ውፍረቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍልጥ ለማንደጃም ለማድረቅም ይመቻል።

ሁለተኛው ሥራ መጠለያውን መሥራት ነው። ለአንድ ቤተሰብ ሦስት ሜትር ርዝመትና አንድ ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው መጠለያ ይበቃል። ቦታው ውሃ የማይተኛበት፣ ነፋስ የሚያገኘውና ከቤቱ ግድግዳ ጥቂት ሜትሮች የራቀ መሆን ይኖርበታል። ማገዶን ከግድግዳ ጋር ማስጠጋት ምስጥን ወደ ቤት መጥራት ነው፤ እሳት ቢነሣም አደጋውን ያብሳል። በናይሮቢ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ በኩል ስለሚነፍስ የመጠለያው ረጅም ጎን ይህን ነፋስ እንዲቀበል ሆኖ ይሠራል።

ስድስት ጉድጓዶች በ60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆፈራሉ፤ ሦስቱ ከፊት፣ ሦስቱ ከኋላ ይሆናሉ። ከሥራቸው ጠጠር ይደረግና የምስጥ መከላከያ የተቀቡ ቋሚዎች በቱምቢ እየተለኩ ይተከላሉ። የፊተኞቹ ቋሚዎች ከመሬት በላይ ሁለት ሜትር ከ20፣ የኋለኞቹ አንድ ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኖራቸዋል። ይህ ልዩነት ጣሪያው ወደ ኋላ እንዲያዘቀዝቅና የዝናቡ ውሃ ከሥራ ቦታው ርቆ እንዲፈስ ያደርጋል። ወለሉ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በአግዳሚዎች ላይ ይረበረባል፤ በርብራቡ መካከል ክፍተት ይተዋል። የኋላውና የሁለቱ ጎኖች ግድግዳ ሳንቃ ይመታበታል፤ በሳንቃና በሳንቃ መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። ፊቱ ክፍት ይሆናል። የጣሪያው ቆርቆሮ በዙሪያው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ እንደ ቆብ ጥላ ይጥላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እንጨቱን አጥብቄ ልጠብቅ ብሎ አራቱንም ጎን በቆርቆሮ ወይም በጭቃ ይዘጋል፤ ወይም ክምሩን በላስቲክ ይጠቀልላል። እንዲህ ሲሆን ከእንጨቱ የሚወጣው እርጥበት መሄጃ አጥቶ እዚያው ይታመቃል፤ ማገዶውም ይሻግታል። መጠለያው ዝናብን ይከለክላል እንጂ ነፋስን መከልከል የለበትም።

ሦስተኛው ሥራ መደርደር ነው። ፍልጡ የተቆረጠ ጫፉን ወደ ክፍቱ ፊት አድርጎ ይደረደራል። በድርድሩና በኋላው ግድግዳ መካከል አንድ ስንዝር ክፍተት ይተዋል። ክምሩ እንዳይናድ በሁለቱ ዳርቻዎች ላይ ፍልጡ አንዱ በአንዱ ላይ ተመሳቅሎ ይቆለላል። አዲሱ ከአሮጌው ጋር አይደባለቅም፤ የተፈለጠበት ወር በኖራ ይጻፍበታል። ቀጫጭኑ ፍልጥ በስድስት ወር ገደማ ሊደርቅ ይችላል፤ ወፍራሙና ጠንካራው ግን ዓመት ሊፈልግ ይችላል። በናይሮቢ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅ ስለሆነ፣ በጥር የተፈለጠ እንጨት የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ ከመድረሱ በፊት ብዙ ውሃውን ይለቃል።

መድረቁን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የደረቀ ፍልጥ ይቀላል፤ ጫፎቹ ይሰነጣጠቃሉ፤ ቅርፊቱ በእጅ ሲነካ ይላቀቃል። ሁለት ደረቅ ፍልጦች ሲጋጩ የጠራ ድምፅ ይሰጣሉ፤ እርጥቦቹ ግን ድምፃቸው የታፈነ ነው። አሮጊቷ ያዳመጡት ይህንኑ ነበር።

ሩንዳ የሚኖረው ቤተሰብ ማገዶው ባይነድለት ኤሌክትሪክና ጋዝ አለው። ችግሩ የአንድ ምሽት ብርድና ጭስ ነው። ዛሬም በእንጨት ለሚያበስለው ለአብዛኛው የኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰብ ግን ነገሩ የዕለት ኑሮ ነው። ማገዶውን የሚለቅሙት በአብዛኛው እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው፤ ልጃገረዷ እንጨት ፍለጋ የሄደችበት ሰዓት ከትምህርቷ ላይ የተቀነሰ ሰዓት ነው። ለብዙ ዓመታት ከእንጦጦ ጋራ ወደ አዲስ አበባ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩት ሴቶች ሸክማቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ነበር። ጭሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ በተበከለ አየር ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል።

ይህን ችግር ዓለም በይፋ ከመከረባቸው ቦታዎች አንዷ ራሷ ናይሮቢ ናት። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1981 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለ አዲስና ታዳሽ የኃይል ምንጮች ባደረገው ጉባኤ የማገዶ እጥረት ከዋነኞቹ የመወያያ ጉዳዮች አንዱ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ የአረንጓዴ መቀነት ንቅናቄን የመሠረቱት የኬንያ ገጠር ሴቶች "ማገዶና ውሃ ራቀን" እያሉ ሲያማርሩ ሰምተው ነው። እኚሁ ሴት እ.ኤ.አ. በ1998 የካሩራ ደን መሬት ለግል ሕንፃ ሠሪዎች መሰጠቱ በታወቀ ጊዜ ተቃውሞውን መሩ፤ በ1999 መጀመሪያ ላይም በደኑ ዳር ችግኝ ሊተክሉ ሄደው ተደበደቡ። አብዛኛው ደን ግን ዳነ፤ ዛሬ ከሩንዳ ማዶ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። በ2011 ሲያርፉም ለአስከሬናቸው ሣጥን ዛፍ እንዳይቆረጥ በኑዛዜያቸው መሠረት፣ ሣጥኑ ከቀርከሃ፣ ከደንገልና ከውሃ ላይ አረም ተሠራ።

ደንን የሚያድን ሁሉ እንደ እርሳቸው በአደባባይ አይታገልም። በየጓሮው ያለው ሰው ድርሻ ያነሰ ነው፤ ሆኖም ድርሻ ነው። በጊዜው የተፈለጠና በመጠለያ የደረቀ እንጨት ያንኑ ወጥ ባነሰ ማገዶና ባነሰ ጭስ ያበስላል። የተረፈው እንጨት ሳይቆረጥ የቀረ ቅርንጫፍ፣ ከአንዲት እናት ጀርባ የወረደ ሸክም ነው። ለመጠለያውም የሚያስፈልገው ጥቂት እንጨት፣ ጥቂት ቆርቆሮና የሁለት ወይም የሦስት ቀን ሥራ ነው። በቤቱ መጥረቢያ የሚያነሣ ጎረምሳ ካለ፣ እንጨት መልቀሙን ለእናቱና ለእኅቱ ትቶ እሳት ዳር ቁጭ ማለት አይገባውም።

ሐ. የቃላት ፍች

ጉማጅ፡- ከግንድ ላይ ተቆርጦ ገና ያልተፈለጠ እንጨት።
ፍልጥ፡- በመጥረቢያ ተሰንጥቆ ለማገዶ የተዘጋጀ እንጨት።
ዛቢያ፡- የመጥረቢያ እጀታ።
ሽብልቅ፡- በስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እንጨትን የሚከፍል፣ አንድ ጫፉ የቀጠነ ብረት ወይም እንጨት።
ሞረድ፡- ስለትን ለመሳል የሚያገለግል ሸካራ ብረት።
ቱምቢ፡- ቋሚ እንጨት ወይም ግድግዳ ቀጥ ብሎ መቆሙን ለመለካት በገመድ የሚንጠለጠል ክብደት።
አንጓ፡- ቅርንጫፍ የበቀለበት ጠንካራ የእንጨት ክፍል።

መ. የግንዛቤ ጥያቄዎች

ከምንባቡ በመነሣት ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. አሮጊቷ የጠቀሷቸው ሦስት ጥፋቶች ምን ምን ናቸው? እያንዳንዱ በምንባቡ ውስጥ በየትኛው ሥራ ይታረማል?
2. 20 ኪሎ የሚመዝን እርጥብ እንጨት ግማሹ ውሃ ነው እንበል። ውሃው ከጠቅላላው ክብደት አንድ አምስተኛ እስኪሆን ድረስ ቢደርቅ ስንት ኪሎ ይመዝናል?
3. መጠለያውን አራቱንም ጎን መዝጋት ጉዳቱ ምንድን ነው?
4. ጸሐፊው አዲስ አበባንና ናይሮቢን ያነጻጸረው በምን በምን ነው?
5. "የተረፈው እንጨት ከአንዲት እናት ጀርባ የወረደ ሸክም ነው" ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው? ትስማማላችሁ? ምክንያታችሁን ግለጹ።

ሠ. የቃላት እርባታ

ከአንድ ግሥ ልዩ ልዩ ቃላት ይወጣሉ። "ፈለጠ" ከሚለው ግሥ፣
ሥራውን የሚሠራው፡- ፈላጭ፣
የሥራው ውጤት፡- ፍልጥ፣
የሚሠራበት ነገር፡- መፍለጫ፣
የአሠራሩ ሁኔታ፡- አፈላለጥ ይባላል።

እነዚህ ቃላት ከእንጨት ርቀው በሌላ ፍችም ይገባሉ። "ራሴን ይፈልጠኛል" የሚል ሰው ራሱን የሚመታው መጥረቢያ የለም፤ ሕመሙ ግን እንደ መጥረቢያ ምት ተሰምቶታል። ማንንም ሳያማክር በሌሎች ላይ እንዳሻው የሚያዝም "ፈላጭ ቆራጭ" ይባላል።

1. ከላይ በተሰጠው ምሳሌ መሠረት "ቆረጠ"፣ "ከደነ" እና "ሳለ" (ስለት አወጣ) ከሚሉት ግሦች ሦስት ሦስት ቃላት አውጡ።
2. "ፈላጭ" እና "ፈላጭ ቆራጭ" የሚሉትን እያንዳንዳቸውን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።

ረ. የድርሰት መልመጃ

በምንባቡ ውስጥ "በቅድሚያ"፣ "ከዚያም"፣ "በመሆኑም"፣ "ከዚህም በላይ" የሚሉት ቃላትና ሐረጎች ሐሳብን ከሐሳብ አያይዘዋል። እነዚህን በመጠቀም፣ በቤታችሁ ወይም በመንደራችሁ የሚሠራ አንድ የእጅ ሥራ፣ ለምሳሌ ምድጃ መሥራትን፣ ቤት መክደንን ወይም እንጀራ መጋገርን በሁለት ገጽ ግለጹ። ሥራውን አይቶት የማያውቅ ሰው ጽሑፋችሁን አንብቦ ሊሠራው የሚችል መሆን አለበት።

ሰ. ተግባራዊ ሥራ

በቡድን ሆናችሁ ከአንድ እርጥብ እንጨት እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ጉማጆች አዘጋጁ። አንዱን ፍለጡት፤ ሌላውን እንዳለ ተዉት። ሁለቱንም ዝናብ በማያገኘው፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አስቀምጣችሁ በየሁለት ሳምንቱ በሚዛን መዝኑ። ክብደታቸውን በሠንጠረዥ መዝግባችሁ ውጤቱን በክፍል ውስጥ አስረዱ። የመፍለጡን ሥራ መምህራችሁ ወይም ሥራውን የሚያውቅ ትልቅ ሰው በተገኘበት ብቻ አከናውኑ።